ጧት ክፈቺ፣ ማታ ዝጊ

አሥመራ፣ ጥር 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለአየለች፤ ደሴ

እኔ ደህና ነኝ። ባሌ ንዋይም ደህና ነው፤ ከደህናም አልፎ ቀበቶው አልደርስ ብሎታል። የአማትሽ ሳል ለቀቃቸው? ሳሉ ቢለቃቸው እንኳ እሳቸው አንቺን እንደማይለቁሽ አውቃለሁና አይዞሽ።

ባልሽ ክፍሉ ወደዚህ መዛወሩ ቁርጥ ከሆነ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ብርዱን አትፍሪ፤ የጦሳን ተራራ ውርጭ የቻለ ገላ የአሥመራን ብርድ አያቅተውም። በርበሬ አትሸከሚ፣ እዚህ ሞልቷል፤ ኮሰረት ግን አምጪልኝ። ጫማ ደህና አድርገሽ ያዢ። እዚህ ሰው ከሰዓት በኋላ ለባብሶ ይወጣና በትልቁ ጎዳና ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። መጀመሪያ ሥራ የፈታ ሕዝብ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራ ውሎ የመጣው ነው። ሥራ የፈታነውስ እኛ ነን፤ ጥራቮሎ በሚባለው ሰፈራችን፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የሰው ጫማ እንቆጥራለን።

አማርኛ ይችላሉ ወይ ላልሽው፣ ልጆቹ በትምህርት ቤት ይማሩታል። ትልልቆቹ ሲፈልጉ ይችላሉ፣ ሳይፈልጉ አይችሉም። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን ፈጽሞ አልችልም ነበር።

ስለ አገሩ ሰው ብዙ ጠየቅሽ፤ ስለኛው ሰው ግን አንድም አልጠየቅሽም። ከመምጣትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ እሱን ነው። እኔን ያንገሸገሸኝ የኛው ሰው ነው። የንዋይ አለቃ ሚስት አለች፤ ከአሥመራ ሊለቅ የተሰናዳ ሰው አለ ከተባለ ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። ባለቤቶቹ ገና ሻንጣ ሲያስሩ መጋረጃቸውን በክንዷ ትለካለች። አንድ ቀን ይዛኝ ሄዳ፣ ልጅ የተቀመጠበትን ወንበር «ተነሥ እስቲ ማሙሽ» ብላ አስነሥታ እግሩን ስታነቃንቅ አየኋት፤ ይጠነክር እንደሆነ ለማየት። ወደ ቤቴ ተመልሼ እጄን ታጠብኩ። እኔ ምንም አልነካሁም፤ ግን ታጠብኩ።

ጎረቤቶች እንዴት ናቸው ላልሽው፣ ባለፈው ዓመት ስንገባ ማንም ሰላም ሊለን አልመጣም። ዳቦ የለ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የለ። ንዋይ «ትዕቢተኞች ናቸው» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ከወራት በኋላ አንዲት ብቻ መጣች፤ ለተሰንበት ትባላለች፣ ከግድግዳችን ማዶ ከትንሽ ልጇ ከትርሓስ ጋር የምትኖር። ባሏ፣ ተመልሶ የሚባለው፣ በድሮው የፌዴሬሽን አስተዳደር ጸሐፊ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ ሥራ ፍለጋ ምፅዋ ወርዷል ትላለች። ሌሎች ሌላ ይላሉ። እኔ ምፅዋ ነው እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቷ ታመውባት ልጇን ይዛ ደቀምሓረ ሄደች። ቁልፏን መዳፌ ላይ አኑራ ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፈቻቸው። «ሓፍተይ፣ እዚ ሕድሪ እዩ» አለችኝ፤ እህቴ፣ ይህ አደራ ነው ማለቷ ነው። «መስኮት ጧት ክፈቺ፣ ማታ ዝጊ። ሌላ ሥራ የለውም።» እኔም በየጧቱ እከፍታለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ቤቱ እንዳይታፈን ይመስለኛል።

እህትሽ ላቀች

ደሴ፣ የካቲት 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ላቀች፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከደስታ የተነሣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንቺ ግን ክፉ ነሽ! ያን ሁሉ ስትጽፊ ዋናውን ደብቀሽኝ! ልታስደንቂኝ ነበር አይደል?

ጋሽ ንዋይ ለክፍሉ ጽፈውለታል። ቤት ተገኝቶልናል! ከናንተ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ያለው፣ የመንግሥት ቤት። «ባልየው ወደ ሱዳን ጠፍቷል፣ ሚስቲቱም ትታው ሄዳለች፤ ባዶ መሆኑ እስኪመዘገብ ነው የምንጠብቀው» ብለዋል። በግድግዳው እየመታሁ ልጠራሽ ነው እንግዲህ።

እትዬ፣ እዚህ እንዴት እንደምኖር ታውቂያለሽ። አንድ ክፍል፣ በመሃል መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አማቴ። እኔና ክፍሉ ልንጫወት ይቅርና ሳዛጋ እንኳ «ማነው?» ይላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከባሌ ጋር የተነጋገርኩት በጥቅሻ ነው። ልጅም ያላገኘሁት ለዚህ ነው እላለሁ፤ ሳቂብኝ። የራሴ በር ኖሮኝ ዘግቼው ብሞት አይቆጨኝም።

አሁን ንገሪኝ፤ የመስኮቱ ቁመት ስንት ክንድ ነው? መጋረጃ ላሰፋ ነው። ያቺ የሄደችው ሴትዮስ ዕቃዋን ሁሉ ወስዳለች ወይስ የተረፈ አለ?

እህትሽ አየለች

አሥመራ፣ የካቲት 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአየለች፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። አንብቤ አስቀመጥኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ «ስንት ክንድ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ያቺ የአለቃ ሚስት ባንቺ እጅ የጻፈች መሰለኝና ተውኩት።

ደብቄሽ አይደለም። አላውቅም ነበር። የባሌን ወሬ የሰማሁት ከደሴ ነው። ቤቱ ስትሄድ ቁልፏን የሰጠችኝ የዚያችው የለተሰንበት ነው። ትታው አልሄደችም። እናቷን ልታስታምም ነው የሄደችው፤ ድስቷ መደርደሪያው ላይ ነው፣ የልጇ ቀሚስ ገመድ ላይ ነው። የተረፈ ነገር ላልሽው፣ የተረፈ የለም። ሁሉም አለ።

ንዋይን እራት ላይ ጠየቅኩት። አልደነገጠም። ሥጋውን እያኘከ አስረዳኝ፤ ሁለት ሳምንት መስኮቱ ተዘግቶ የተገኘ የመንግሥት ቤት ሰው እንደሌለበት ይመዘገባል፣ ከዚያ ለተዛዋሪ ሠራተኛ ይሰጣል። መዝጋቢዎቹ በዚህ መንገድ ቢያልፉ ቢያልፉ ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። «ማን እንደሚከፍተው ሳጣራ የገዛ ሚስቴ ሆና አገኘኋት» ብሎ ሳቀ። ከጥርሱ መሃል ጅማት ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ያንን ጅማት እያየሁ፣ ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዘመን አብሬ በላሁ እያልኩ አስባለሁ። «ከነገ ጀምሮ አትክፈቺ» አለኝ። በቃ ይኸው ነው፤ ማንንም አታባርሪ፣ ምንም አትስረቂ፣ መስኮት ብቻ አትክፈቺ።

በማግስቱ ከወዲያ በኩል ያሉትን ትልቅ ሴትዮ፣ ወይዘሮ ኣብርሄትን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ደጃፋቸው ላይ እንደቆምኩ ነው የመለሱልኝ፤ ግቢ አላሉኝም። «ያንቺ ቤት የኣስመሮም ቤት ነበር» አሉኝ። «ለፋሲካ አገር ቤት ሄዱ። ሲመለሱ መጋረጃቸው ውስጥ አንቺ አለሽ። አሁን ቃሓውታ ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ስድስት ነፍስ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ቁልፍ ሳይሰጥ አይሄድም። ለተሰንበት ላንቺ ስትሰጥ ኣይፋልን፣ ተይ ብያት ነበር። የሹም ሚስት የከፈተችውን ማን ይጠይቃል አለችኝ።»

እንግዲህ ማንም ለምን ሰላም እንዳላለኝ አወቅኩ። ትዕቢት ነው ብዬ ነበር! የምተኛበት አልጋ ስንገባ ቤቱ ውስጥ የነበረ አልጋ ነው፤ ንዋይ «የመንግሥት ነው» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወለል ላይ አንጥፌ እተኛለሁ። ፍራሹ ቀፈፈኝ። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ የቀድሞዋ የቤቱ እመቤት ንጹሕ ነበረች።

ጧት መስኮቱን ከፈትኩ።

ላቀች

ደሴ፣ መጋቢት 1 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእትዬ ላቀች፤

እንደምን አለሽ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል?

ተቆጥተሽ ነው የጻፍሽው፤ አልቀየምኩም። ግን እትዬ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ቤቱን ስጡኝ አላልኩ፣ ማንንም አስወጡ አላልኩ። እኛ ባንገባበት ሌላ ሰው ይገባበታል። ለሌላ ከሚሆን ለእህትሽ ቢሆን ምን አለ? ሴትየዋ እናት አላት፣ አገር አላት፣ ዘመድ አላት። እኔ ያለኝ መጋረጃ ነው።

ደግሞ ክፍሉ ላልጋችን ገዢ አግኝቶ ሸጦታል፣ አሁን መሬት ላይ ነን፤ አማቴም «ሂዱ እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ» እያሉ ያሳቅቁኛል።

ክፉ አድርጊ አልልሽም። ምንም አትንኪ። ብቻ ለጥቂት ቀን አርፈሽ ተኚ። አመመኝ በይ። እጅሽን ከማንሣት ማረፍ ኃጢአት ነው እንዴ? አባታችን «ሥጋ ዘመድ ከጎረቤት ይቀርባል» ይል አልነበር? እሱ ቢኖር ለኔ ያደላ ነበር።

ደብዳቤሽን አታዘግዪብኝ። ከፍተሻል ወይስ ዘግተሻል፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ።

አየለች

አሥመራ፣ መጋቢት 10 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአየለች፤

ከፍቻለሁ።

አባታችን ያልሽውን ብሎ አያውቅም። አባታችን ይል የነበረው «አደራ በላ ዘሩ አይባረክም» ነው። ሙት ስለማይመልስ እንዳሻሽ አታናግሪው።

የለተሰንበት እናት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ዐርፈዋል። ወሬውን ያመጣው ከደቀምሓረ የሚመጣው አውቶቡስ ረዳት ነው። አርባቸው ሳይወጣ አትመጣም። ንዋይ ሲሰማ ምን እንዳለ ልንገርሽ? «ነፍስ ይማር» አለ፤ ቀጥሎም በጣቶቹ ቀን ቆጠረ። አየለች፣ ሰው በሰው ሬሳ ቀን ሲቆጥር አይቼ አላውቅም ነበር። ትቼው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የባሰውን ስሚ። በማግስቱ መስኮቱን ልከፍት ገብቼ ሳለ የአለቃው ሚስት ከኋላዬ ተከትላኝ ገባች። «ቤቱ ለእህትሽ፣ ቡፌው ለኔ ነው፤ ከንዋይ ጋር ተነጋግረናል» አለችኝ። የቡፌውን በር ከፈተች። ለተሰንበት ለፋሲካ ብላ ያነጠረችው ቅቤ በጠርሙስ ተቀምጧል። ክዳኑን አነሣች፣ ጣቷን እስከ አንጓው ነከረች፣ ላሰችው። «ወይኔ፣ ለጋ!» አለች። ከዚያ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን አማተበች። ጣቷን በምን ጠረገችው መሰለሽ? በመጋረጃው። አንቺ ቁመቱን በጠየቅሽኝ መስኮት መጋረጃ።

ያስጠላኝ እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከሷ ጋር ስንቴ ሻሂ ጠጥቻለሁ፣ ስንቴ አብሬ ስቄአለሁ። መጋረጃውን አውርጄ አጠብኩት። ቅባት ቶሎ አይለቅም።

«እኛ ባንገባበት ሌላ ይገባበታል» ብለሽ ጽፈሻል። እዚህ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ደሴ ሆነሽ ከየት ተማርሽው?

ቁልፉን ንዋይ ጠይቆኝ ነበር። ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ። «ከፈለግህ ማተቤን በጥስና ውሰድ» አልኩት። እጁን ዘርግቶ ነበር፣ መለሰው። አሁንም ቁራጭ ፈሪሃ እግዚአብሔር ቀርታዋለች ማለት ነው።

ላቀች

ደሴ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእትዬ ላቀች፤

ጋሽ ንዋይ ለክፍሉ የጻፉት ምንድን ነው? «ላቀችን መንፈስ ይዟታል፣ ከፋሲካ በኋላ ጠበል እወስዳታለሁ» ይላል። ሌላ አይልም። ምን ሆነሻል? እውነት አሞሻል? በኔ ምክንያት ከሆነ ምድር ትዋጠኝ።

የመጨረሻ ደብዳቤሽን ሳነብ ከንፈሬ ሳይታወቀኝ ድምፅ አውጥቶ ኖሮ አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ «ጮክ በይ» አሉኝ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ አነበብኩላቸው። ስጨርስ «በሰው ጉልቻ ላይ ድስት ልትጥጂ ነው ለካ የምትቻኮይው» አሉኝ። እንዲህ ጠልቻቸው አላውቅም። ልክ ሆነው አግኝቻቸው አላውቅማ።

ክፍሉ ግን የመጓጓዣ ፈቃዱ ወጥቶለታል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንነሣለን። «የመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ የሚስት እህት ስለተቆጣች አይቀርም» ይላል። የሱም እውነት ነው። ምን ላድርግ? መጥተን የት ነው የምናድረው?

መጋረጃውን ማሰፋቱን ትቼዋለሁ። ጨርቁን ላማቴ ሰጠኋቸው።

አየለች

አሥመራ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

አየለች፤

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለም። በልብሽ ያዢልኝ።

አላመመኝም። የሆነውን ልንገርሽ። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ጧት ንዋይ ከቤት ሲወጣ እንደ ልማዱ አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ። ፈገግታው ደስ አላለኝም። የለተሰንበትን መስኮት ከፍቼ ልወጣ ስል ውስጤ እምቢ አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየ፣ መዝጋቢዎቹ መጡ፤ ንዋይ አብሯቸው ነበር። ለካ «መስኮቱን የምትከፍተው ባለቤቴ ናት፣ ቤቱ ባዶ ነው» ብሎ ሊያስመዘግብ አምጥቷቸው ነው። በሩን ገፍተው ሲገቡ እግሬን ዘርግቼ ምስር ስለቅም አገኙኝ።

አንደኛው «እዚህ የሚኖረው ማነው?» አለ።

«ለተሰንበት፣ ልጇና እኔ» አልኩት።

«እርስዎ የአቶ ንዋይ ባለቤት አይደሉም እንዴ? ቤትዎ ያኛው አይደለም?»

«ያኛው የኣስመሮም ቤት ነው። የኔ አይደለም» አልኩት።

ሰውዬው ወደ ንዋይ ዞረ። ንዋይ ፊቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ሆነ። «አሟታል» አለ። «ያመማት ሴት ምስር አትለቅምም» አለ ሌላኛው፤ የአገሩ ልጅ ነው፣ ጠዓመ ይሉታል። «ሰው ይኖርበታል» ብሎ ጻፈና ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ንዋይ ቤት አልተመለስኩም። ልብሴን ብቻ አመጣሁ። እኔ የተናገርኩትን ውሸት እውነት ለማድረግ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። እሱ ስለመንፈስ ያወራል፤ ያውራ። እውነት ለመናገር መንፈስ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ መንፈስ በጠበል ይለቃል፣ ይሄ ግን ያየሁት ነገር ነው።

ትናንት ለተሰንበት መጣች። ከፌርማታው ጀምሮ ልጇን እየጎተተች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ። መንገዱ ላይ ቆማ መስኮቷን አየች። ከዚያ የገዛ በሯን አንኳኳች። ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳምንም። ቁልፉን ከማተቤ ፈትቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት፤ ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፍኳቸው። «የቐንየለይ፣ ሓፍተይ» ብላ አመሰገነችኝ። ስለቅቤው ነገርኳት፤ ጠርሙሱን ወስዳ ጓሮ ደፋችው። ስትመለስ ወደኛ ቤት አመለከተች። «ያንቺስ ቤት ለምን ጨለመ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዞሬ አየሁት። ከወጣሁ ወዲህ መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም። ንዋይ በዕድሜው መስኮት ከፍቶ አያውቅማ፤ ጧት በጨለማ ለብሶ ይወጣል፣ ማታ ከመጠጥ ቤት መጥቶ በጨለማ ይተኛል። ሁለት ሳምንት አልፎታል። የአለቃው ሚስት ትናንት በዚያ በኩል ስታልፍ ፍጥነቷን ቀንሳ የመስኮቱን ስፋት በዓይኗ ስትለካው አየኋት። በንዋይ አዘንኩለት ልልሽ ነበር፤ አላዘንኩም።

የት እናድራለን ብለሽ ጠይቀሻል። ለተሰንበትን አማከርኳት። «እህትሽ እንግዳ ናት፤ የውጭ ክፍሉ ለእንግዳ ነው» አለች። ጠባብ ነው፤ በመሃል መጋረጃ እንጋርዳለን። ከመጋረጃው ወዲያ እኔ እተኛለሁ፤ ስታዛጊ «ማነው?» አልልሽም። ክፍሉ ደህና ቤት ተከራይቶ እስኪያገኝ ድረስ ነው። በዚህ በር የመጣሽ እንደሆነ ትርሓስ ሳትቀር ፌርማታው ድረስ ወጥተን እንቀበልሻለን።

ክፍሉ ግን የግድ የመንግሥት ቤት ካለ፣ አንድ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት፤ መስኮቱ እንደተዘጋ ነው፣ በቅርቡም ባዶ ተብሎ ይመዘገብ ይሆናል። የንዋይ ነገር አያሳስባችሁ፣ ለሱ ሌላ የሰው ቤት አይጠፋም። ግቡበት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን ከመምጣትሽ በፊት ይህን እወቂ፤ በዚያኛው በር የገባሽ እንደሆነ ሕማማት አልፎ ፋሲካ ገብቶም ሰላም ሊልሽ የሚመጣ ጎረቤት የለም።

እኔም አልመጣም።

ላቀች